ቲቸር፣ ስንት እርምጃ ሄዱ?

ባለፈው እሁድ አንድ የድሮ ተማሪዬ የስልኩን ስክሪንሾት ላከልኝ፤ 10,243 እርምጃ። ከሥሩ "ቲቸር፣ እርስዎስ ስንት ደረሱ? የኛ ሕዝብ እኮ ስፖርት አያውቅም" ይላል። መራመዱ ደስ ብሎኛል። የመጨረሻዋ አባባል ግን አላስተኛችኝም፤ መልሱን እዚሁ በአደባባይ ልስጥ።

አንደኛ፣ ይሄ 10,000 የምትሉት ቁጥር መነሻው የሕክምና ጥናት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። ጥሩ ማስታወቂያ ነበር፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ስልክ የሚቆጥረው ማንን ነው? እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የ111 አገሮች 717,527 ሰዎችን እርምጃ ከስማርት ስልካቸው ሰብስቧል። ስልክ የሌለው አልተቆጠረም። አሁን ከሆሳዕና ወጣ በልና ወደ ዱራሜ መንገድ እንሰት የምትፍቅ እናት እይ። እግሯ ሳንቃው ላይ፣ ክንዷ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ስልክህን ኪሷ ብትከትላት ምን ይላል? ዜሮ! "ስፖርት አያውቅም" ያልከው እሷን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሲል የጉልበት ሥራንም የእግር መንገድንም ይቆጥራል።

ቁጭ ብለን የቀረነው እኛ ከተሜዎቹ ነን። ለሁለት መቶ ሜትር ባጃጅ የምንጠራ፤ እኔም አለሁበት። ግን ስንፍና ብቻ ነው አትበሉኝ። ያው ጥናት የአሜሪካ ከተሞችን ሲያወዳድር፣ ለእግረኛ በተመቸ ከተማ ወንዱም ሴቱም፣ ወጣቱም አዛውንቱም የበለጠ ይራመዳል። እኛጋ እግረኛው ከባጃጅ ጋር እየተጋፋ ነው የሚሄደው። እኔ ስፖርት ያስተማርኩበት ሜዳ ግማሹ ዛሬ ሱቅ ሆኗል፤ እዚያው ሱቅ ውስጥ እርምጃ የሚቆጥር ሰዓት ይሸጣል!

ለልጆች በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመከራል። የት ይሩጡ? አቢዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ቁጭ ብሎ ሀዲያ ሆሳዕናን መደገፍ ደስ ይላል፣ እንቅስቃሴ ግን አይደለም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ብላ በወር አንድ እሁድ መንገድ ዘግታ ለእግረኛ መስጠት ጀምራ ነበር። ሆሳዕናን ምን ያግዳታል?

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ልጆቼ፣ ቴክኖሎጂ አልጠላም። ግን እርምጃችንን ከመቁጠራችሁ በፊት በየቀበሌው የቀረውን ሜዳ ቁጠሩልን። ቁጥሩን ይዘን ማዘጋጃ ቤት አብረን እንሄዳለን፤ በእግር።