የትምህርት ቤት በሮች ሲከፈቱ የክትባት ካርዱ ምን ይነበብበት? የጅዳና የመካ ወላጆች ጉዳይ

በሳዑዲ ዓረቢያ አዲስ የትምህርት ዘመን እሑድ ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓ.ም. (ሙሐረም 21 ቀን 1443 ሂጅራ) ተጀመረ። ከየካቲት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ትምህርታቸውን በቤታቸው፣ በ«መድረሰቲ» የኢንተርኔት መድረክና በቴሌቪዥን ሲከታተሉ የቆዩ ተማሪዎች ወደ ክፍላቸው የተመለሱበት ቀን ነበር። ይሁን እንጂ መመለሱ ለሁሉም እኩል አልነበረም። የመካከለኛና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ማለትም ዕድሜያቸው 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑት፣ በአካል ለመገኘት የኮሮና መከላከያ ክትባትን ሁለት ዶዝ መውሰድ ይጠበቅባቸው ነበር። የሙአለ ሕፃናትና የአንደኛ ደረጃ ልጆች ደግሞ 70 በመቶ የሚሆነው ነዋሪ ሁለቱን ዶዝ እስኪያጠናቅቅ ወይም እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ድረስ ከቤት መማራቸውን እንዲቀጥሉ ተወስኖ ነበር።

ይህ ውሳኔ በጅዳና በመካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን በቀጥታ ይመለከት ነበር። በሁለቱ የፋይዘር ዶዞች መካከል ቢያንስ የሦስት ሳምንት ልዩነት አለ። ሰውነት በቂ የመከላከል አቅም የሚያዳብረውም ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያውን የወሰደ ልጅ ክፍል የሚገባው ትምህርቱ ከተጀመረ ከሳምንታት በኋላ ነበር። እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ከልጁ የትምህርት ጊዜ ላይ የሚቀነስ ነበር ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ቤት ለሚሠሩ እናቶች ደግሞ የልጅ ቤት መዋል የራሱ ጭንቀት አለው።

የሁለቱ ከተሞች ሁኔታ ከሌሎቹ የሚለይበት ምክንያትም ነበረ። በ2013 ዓ.ም. ሐጅ የተሳተፉት በአገሪቱ የሚኖሩ 60 ሺህ የተከተቡ ምእመናን ብቻ ነበሩ። በሙሐረም 1443 መጀመሪያ ግን ከውጭ ለሚመጡ የተከተቡ የዑምራ ተጓዦች በሩ ተከፈተ። መግቢያቸው ጅዳ፣ መድረሻቸው መካ ነው። በሆቴል፣ በታክሲና በሱቅ የሚሠራ አባት ማታ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። የክፍሉ መከፈትና የተጓዦች መመለስ በአንድ ወቅት የገጠሙበት ከተማ ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ያሻው ነበር።

መካ ይህን ከኮሮና በፊትም ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ከሐጅ ጋር ተያይዞ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ «ዳብልዩ 135» የተባለው የበሽታው ዓይነት ከተመላሽ ሐጃጆች ጋር ወደ በርካታ አገሮች ተሻግሮ የቤተሰቦቻቸውን አባላት ጭምር አጥቅቷል። ከዚያ ወዲህ ከአራት የማጅራት ገትር ዓይነቶች የሚከላከለው ክትባት ለተጓዦች ግዴታ ሆኗል። በሳዑዲ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብርም በ9ኛውና በ12ኛው ወር ይሰጣል።

የኢትዮጵያውያን ወላጆች ትኩረት ሊያርፍበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ከሴኔጋል ጀምሮ በሚዘረጋው የአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀጣና ውስጥ ብትሆንም፣ ይህ ክትባት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ በመደበኛው የሕፃናት መርሐ ግብሯ ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛው የኩፍኝ ዶዝ በአገሪቱ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች በመደበኛው ክትባት አንድ ዶዝ ብቻ አግኝተዋል። የሳዑዲው መርሐ ግብር ግን ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ከ4 እስከ 6 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ፣ የጉድፍ፣ የፖሊዮ፣ የዲፍቴሪያ፣ የመንጋጋ ቆልፍና የትክትክ ማጠናከሪያ ክትባቶችን ይጠይቃል። ስለሆነም በአዲስ አበባ ወይም በደሴ «ክትባቱን ጨርሷል» የተባለ ልጅ በጅዳ ገና የሚቀረው ሊሆን ይችላል። ይህ የወላጅ ቸልተኝነት አይደለም፤ የሁለት አገሮች መርሐ ግብር ልዩነት ነው።

ልዩነቱን ወረርሽኙ አስፍቶታል። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳስታወቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 23 ሚሊዮን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶች አምልጠዋቸዋል፤ ይህም ከቀዳሚው ዓመት በ3.7 ሚሊዮን ይበልጣል። ኩፍኝ ደግሞ ክፍተት አይምርም። ቫይረሱ በሽተኛው ከወጣ በኋላም በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ስርጭቱን ለመግታትም ከመቶ 95ቱ መከተብ አለባቸው።

በኮሮና ክትባት ላይ የሚነሣው ስጋትም መልስ ይሻል። የክንድ ሕመም፣ ድካምና ትኩሳት የተለመዱ ሲሆኑ በአንድና በሁለት ቀን ያልፋሉ። በተለይ በወጣት ወንዶች ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ዶዝ በኋላ፣ የልብ ጡንቻ መቆጣት አልፎ አልፎ ታይቷል። ይሁንና እጅግ ጥቂት ሲሆን የሚበዙት ታማሚዎች አገግመዋል። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር የተሰማው ልጅ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

በዚያን ጊዜ የኮሮና ክትባት ለዜጎችም ለነዋሪዎችም በነፃ ይሰጥ ነበር። ቀጠሮ ይያዝ የነበረው «ሲሐቲ» በተሰኘው መተግበሪያ ሲሆን፣ የክትባት ሁኔታ በ«ተወከልና» ላይ ይታይ ነበር። ጥያቄ ያለው በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የስልክ ቁጥር 937 መደወል ይችላል። ከኢትዮጵያ የመጣውን ካርድ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይጠቅማል፤ የተቋረጠ ክትባት ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀመርም። ካርዱ ቢጠፋም ከክትባት መቅረት አያስፈልግም፤ ምን እንደሚሰጥ ሐኪሙ ይወስናል።

የትምህርት ዘመኑ ሲጀመር ከ12 ዓመት በታች ላሉት የኮሮና ክትባት በአገሪቱ ገና አልተፈቀደም ነበር። የእነርሱ መከላከያ በዙሪያቸው ያሉ አዋቂዎች መከተብ፣ ጭምብል፣ የእጅ ንጽሕናና የታመመን ልጅ ቤት ማዋል ነበር። መደበኛ ክትባቶቻቸው ግን የትምህርት ቤቱን በር መከፈት መጠበቅ አልነበረባቸውም። ታናናሾቹ በቤት የሚቆዩባቸው ሳምንታት በካርዱ ላይ ያለውን ክፍት ቦታ ለመሙላት በቂ ነበሩ።