የእንጦጦ ዳገትና የሰውነት ዕድሜ

የሰው ዕድሜ በሁለት መንገድ ይለካል፤ አንደኛው ከልደት ቀን ጀምሮ የሚቆጠረው የዘመን ዕድሜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልብ፣ ሳንባ፣ ጡንቻና ሕዋሳት ምን ያህል እንዳረጁ የሚያመለክተው ሥነ ሕይወታዊ ዕድሜ ነው። ስቲቭ ሆርቫዝ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ስሌት በዲ ኤን ኤ ላይ በሚገኙ 353 ነጥቦች የሚታየውን ኬሚካዊ ለውጥ በማንበብ ይህን ሁለተኛውን ዕድሜ ይገምታል፤ ላቦራቶሪ ለማያገኝ የአዲስ አበባ አዛውንት ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ዳገት አቅሙን ሳያዳላ ይነግረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡባት ይህች ቤተ ክርስቲያን ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ በመሆኑ፣ የልብና የሳንባ ድካም ተሸሽጎ አይዘልቅም።

ድካሙ ሁሉ ከዕድሜ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ 20 ዓመት የሞላቸው 5 ጤነኛ ወጣቶች ለ3 ሳምንታት ከአልጋ ሳይነሡ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር፤ ከ30 ዓመታት በኋላ እነዚሁ ሰዎች ዳግመኛ ሲመረመሩ፣ ኦክስጅንን ለጡንቻ የማድረስ አቅማቸው በ30 ዓመት እርጅና ከቀነሰው ይልቅ በ3 ሳምንት መተኛት የቀነሰው በልጦ ተገኘ፤ 6 ወር የዘለቀ ልምምድም ዓመታቱ የወሰዱትን ይህን አቅም መለሰላቸው። የተፈተኑት ጥቂት ሰዎች ቢሆኑም ውጤቱ ለጡረተኛ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በአገራችን «ዐርፈው ይቀመጡ» የሚለው የልጆች አክብሮት፣ በቅንነት የሚደረግ ቢሆንም፣ ወላጅን ያስረጃል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ በ3 ቀናትም ሚዛንንና ጥንካሬን የሚጠብቅ ልምምድ እንዲጨምሩ ይመክራል። ስግደት ለጸሎት እንጂ ለስፖርት የማይሰገድ ቢሆንም፣ ዕድሜ ልካቸውን በየጾሙ ሲንበረከኩና ሲነሡ የኖሩ እናቶች ጭናቸውን ሳያስቡት ሲያሠለጥኑ ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ድካም ሁሉ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ፣ በዚሁ ተራራ ላይ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ ሴቶች ከሁሉም ይልቅ ወጣት በሆኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ100 ሺሕ በላይ የኮፐንሃገን ነዋሪዎችን ይዞ የታተመ ጥናት፣ በትርፍ ጊዜ የሚደረግ እንቅስቃሴ ከልብ ሕመምና ከሞት አደጋ መቀነስ ጋር፣ በሥራ ላይ የሚገጥም ከባድ የጉልበት ድካም ግን በተቃራኒው ከአደጋው መጨመር ጋር ተያይዞ እንደታየ አመልክቷል። ባለሙያዎች ስለ ምክንያቱ ገና ይከራከራሉ፤ አሳማኝ የሚመስለው ማብራሪያ ግን ሯጩ ደም ግፊቱን ለአጭር ጊዜ ከፍ አድርጎ ሲያርፍ፣ ሸክመኛዋ ያለ በቂ ዕረፍት ለረጅም ሰዓት በጫና ውስጥ መቆየቷ ነው። እንግዲህ የእንጦጦ ዳገት ለአረጋውያን ጤና የሚሰጠውን ጥቅም ሊመረምር የሚነሣ ተመራማሪ፣ ማለዳ ከሚሮጡት አትሌቶች ጎን የእነዚህን ሴቶች ጉልበት፣ ወገብና ደም ግፊትም ቢለካ ጥናቱ የተሟላ ይሆናል።