ስለዚያ ዝርክርክ ወታደርዎ አመሰግናለሁ

ለተከበሩ የኮሚክስ ሠዓሊ አቶ ዊል አይስነር

እ.ኤ.አ. በ2005 ከዚህ ዓለም እንደተለዩ አውቃለሁ። ባለውለታ ቢያልፍም ውለታው አይሰረዝምና ይህን ደብዳቤ ጻፍኩ።

ስምዎን የሚያነሣ ሰው ሁሉ «ዘ ስፒሪት» የተባለውን ጭምብል ለባሽ ጀግናዎን ወይም በስምዎ የሚሰጠውን የኮሚክስ ሽልማት ያስታውሳል። እኔ የማመሰግንዎ ግን ግሪስና ባሩድ ስለሚሸተው ሥራዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ለውትድርና ሲጠሩ የአሜሪካ ሠራዊት የመኪና ጥገና የሚያስተምረው ወታደር አንብቦ በማይጨርሰው ደረቅ መመሪያ ነበር። እርስዎ ግን ጆ ዶፕን ሣሉ፤ የነካው ዕቃ ሁሉ የሚበላሽበት፣ የተነገረው የማይገባው ዝርክርክ ወታደር።

ብልሃትዎ የገባኝ የመኪና ጥገና ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው። ጎረምሳ በጓደኞቹ ፊት «ይህን አላውቅም» ብሎ አይጠይቅም፤ ያፍራል። አፍሮ ዝም ያለው ልጅ ነው በኋላ ሞተር የሚያቃጥለው። እርስዎ ሐፍረቱን ለጆ አሸከሙት። ወታደሩ በጆ እየሳቀ፣ ማንም ሳያይበት የራሱን ጉድለት አረመ።

የማስተምርባት ከሚሴ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ላይ ናትና የጭነት መኪና አይጠፋባትም። ከምናስተምራቸው ልጆች አንዱ ኦሮምኛ፣ ሌላው አማርኛ ይቀናዋል፤ የመኪናው መመሪያ ደግሞ በሁለቱም አልተጻፈም። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከፍቶ በእንፋሎት የተባረረ ረዳት ሰሌዳ ላይ ስስል ግን ክፍሉ በአንድ ቋንቋ ይስቃል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን የአባቶች ምክር ከሥዕሉ በተሻለ አላስረዳሁም።

«ፒ.ኤስ.» የተባለው ወርሃዊ የጥገና መጽሔትዎ መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 1951፣ የእኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነበር። የእኛ ወታደሮች የታጠቁት የአሜሪካ መሣሪያ ነበርና፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ መመሪያ ለያዘ ሰው ሥዕል ምን ያህል እንደሚያግዝ መገመት አያቅተኝም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ስለ ኤም 16 ጠመንጃ የሣሉት ትንሽ መጽሐፍ ቬትናም ለዘመቱት ወታደሮች ታደለ። ጠመንጃው ጽዳት አይሻም እየተባለ ያለ በቂ መጥረጊያ ተልኮ፣ የጥይቱም ባሩድ ተቀይሮ፣ ቀለህ በውስጡ እየተቀረቀረ ወታደሮች በውጊያ መካከል ሞተው ነበር። መጽሐፉ ማጽዳትን አስተማረ። ብቻውን ግን አላዳነም፤ መጥረጊያውም መቅረብ፣ የጠመንጃው የጥይት ጎሬም በክሮም መለበጥ ነበረበት። ቀልድ የጎደለ ዕቃ አይተካም። እውነቱን ለመናገር፣ ጠመንጃውን እንደ ቆንጆ ሴት እያሞካሹ የወታደሩን ዓይን የሳቡበትን ቀልድም ለተማሪዎቼ አላሳይም። ምስጋናዬ ግን በዚህ አይቀንስም።

ብዕርዎ ዛሬ የበለጠ የሚያስፈልገን ለሌላ ጉዳይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደርሶ ነበር። ጦርነት ባለፈበት ምድር ያልፈነዳ ተተኳሽ ይቀራል፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ብረት አገኘሁ ብሎ ሊያነሣው ይችላል። ለዚህ ልጅ የረዘመ ማስጠንቀቂያ ከምናነብለት የእኛን ጆ ብንስልለት እመርጣለሁ፤ «እኔ አውቀዋለሁ» እያለ የሚደነፋ፣ እረኞቹ ሁሉ «ተው! አትንካ! ለትልቅ ሰው ንገር!» ብለው የሚጮኹበት ጉረኛ። መሳቅ ያለብን በጉራው ነው። ፈንጂ አካሉን ባሳጣው ሰው ላይ ግን መቼም አይሳቅም፤ በመንደራችን እንዲህ ያለ ሰው ሥዕሉን ቢያይ እንዳይከፋው አድርጎ መሣል የሣዩ ግዴታ ነው።

ያላወቀ ሰው ሳይዋረድ እንዲማር መንገድ ስላሳዩን እግዜር ይስጥልን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመኪና ጥገና አስተማሪ፣ ከሚሴ