ኮከብ ለመቁጠር ዜግነት አይጠየቅም

ባለፈው ጁምዓ ቡና አፍልተን ስንጫወት «እስቲ ሁላችንም ማታ ማታ ጣራ ላይ ወጥተን ኮከብ እንቁጠር» ብል ሳቁብኝ። አንዷ «ኮከብ ቆጣሪ ሆንሽ? በይ የኔን ንገሪኛ፣ ደመወዜ መቼ ነው የሚጨመረው?» አለችኝ። ሌላዋ «ላም አለኝ በሰማይ» ብላ ጀመረች፣ የቀሩት ጨረሱላት። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ ሰዓታችን ስላለቀ እዚህ ልጻፈው።

የምለው ዕድል ለማወቅ የሚቆጠረውን አይደለም። የብርሃን ብክለት ስለሚባለው ነገር ነው። ጭስ አየሩን እንደሚያቆሽሸው፣ ያለ ቦታውና ያለ ልክ የበራ መብራትም ሌሊቱን ያቆሽሸዋል። ወደ ላይ የተረጨው ብርሃን አቧራውንና እርጥበቱን እየመታ ይመለስና ሰማዩን ያደበዝዘዋል፣ ኮከቦቹ ከጀርባው ይቀራሉ። በ2016 ሳይንቲስቶች የዓለምን የሌሊት ሰማይ በካርታ አውጥተውት ነበር። ሕዝቧ ከሁሉ የባሰ የበራ ሰማይ ሥር የሚኖርባት አገር ሲንጋፖር ሆነች፣ ሁለተኛዋ ይቺው እኛ ያለንባት ኩዌት፣ ሦስተኛዋ ቀጠር። ጥሩ ሰማይ ያላቸውስ እነማን መሰሏችሁ? ቻድ፣ መካከለኛው አፍሪካ፣ ማዳጋስካር። በአንድ ነገር እንኳ ድሃ ይቅደም እንጂ!

እኔ ግን ነገሩ የገባኝ ከካርታ አይደለም። ብርዱ ሲገባ አሠሪዎቻችን ድንኳን ይዘው በረሃ እንደሚወጡ ታውቃላችሁ። ለእነሱ መዝናኛ ነው፣ ለኛ ያው ሳህን እጥበት ነው፣ ያውም ያለ ቧንቧ። አምና በማርች መጀመሪያ፣ ድንኳኑ ሊነቀል ሰሞን፣ ወደ ሳልሚ በኩል ርቀን ነበር። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ቤንዚን ጨርሶ ጠፋ። ልጆቹ ተኝተዋል። እኔ ውጭ ወጥቼ ቀና ስል ሰማዩ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መንገድ ተዘርግቷል። ፍኖተ ሐሊብ የሚሉት እሱ ነው። ወሎ እያለሁ በየማታው አየው ነበር፣ ማንም ስሙን ሳይነግረኝ። አያቴ አጥቢያ ኮከብ ስትወጣ ነበር እሳት ለማቀጣጠል የምትነሳው፣ ሰዓት የሚባል ነገር ቤታችን አልነበረም። እዚያ በረሃ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ስድስት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ኮከብ የሌለ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ለካ ነበረ።

የኔ ክፍል እንደ ብዙዎቻችሁ ጣራ ላይ ነው፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፓውዛ በመስኮቴ ገብቶ ትራሴ ላይ ያርፋል። ሦስት ዓመት ዓይኔን በሻሽ አስሬ ተኝቻለሁ። ጠዋት ራሴን ሲያመኝ ድካም ነው እል ነበር፣ ድካሙም አለ መቼም። ነገር ግን ሰውነታችን ሲጨልም ነው ሜላቶኒን የሚባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን የሚያመርተው። ብርሃን ዓይናችን ላይ ካለ ይቀንሳል፣ በተለይ ይሄ ነጭ ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው የኤልኢዲ መብራት። የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አትሥሩ ይላል፣ ለምታገኙት። ከሥራ የተረፈችውን ሌሊት ፓውዛ ከወሰዳት ግን ምኑን አረፍነው?

አሁን ወደ ቆጠራው ልምጣ። ግሎብ አት ናይት የሚባል ከ2006 ጀምሮ የሚካሄድ ሥራ አለ። ጨረቃ በሌለችበት ሰሞን ማንኛውም ሰው ውጭ ወጥቶ አንድ የታወቀ የኮከብ ስብስብ ያያል። ከዚያ ስልኩ ላይ ካሉት ሥዕሎች ያየውን የሚመስለውን መርጦ ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር ይልካል። አለቀ። መሣሪያ የለውም፣ ትምህርት አይጠይቅም፣ እኔ አሥረኛ ክፍል ነኝ። በብርዱ ወራት የሚታየው ኦሪዮን ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የምታነቡ በትንቢተ አሞጽ ስሙን ታውቁታላችሁ። ሦስት ኮከቦች ተሰልፈው እንደ መቀነት ይታያሉ፣ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ። ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥሩ ነው።

በ2023 ሳይንቲስቶች እንዲህ ተራ ሰው የላከውን ከ51 ሺህ በላይ ቆጠራ ሰብስበው ሲያዩት፣ ሰማዩ በየዓመቱ 10 በመቶ ገደማ እየበራ መሄዱን አወቁ። 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው 100 ብቻ ያያል እንደማለት ነው። ሳተላይት የነገራቸው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። ምክንያቱም ሳተላይቱ ያንን ሰማያዊ ብርሃን በደንብ አያየውም፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ያመልጠዋል። የሰው ዓይን በለጠው ማለት ነው። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ቆጠራ አብዛኛው የመጣው ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ ነው፣ ከእስያና ከአፍሪካ የተላከው ለየብቻው ለማስላት እንኳ አልበቃም። ሰማዩ ክፉኛ የተበላሸው እዚህ፣ ቆጣሪው እዚያ። እና እኛ በየጣራው ላይ ነን።

ይሄን ሥራ የዜጎች ሳይንስ ይሉታል። አንዷ እህታችን «እኛ ደግሞ የምን ዜጋ ነን?» አለች። እውነቷን ነው፣ እዚህ አገር ዜጋ ማን እንደሆነ በየቀኑ ይነገረናል። ግን ቅጹ ኢቃማ አይጠይቅም፣ የከፊል ስም አይጠይቅም። የት ቆመሽ ስንት አየሽ ነው የሚለው። እኔ እዚህ አገር የሞላሁት ቅጽ ሁሉ የሌላ ሰው ስም አለበት፣ ይሄ የለበትም።

እኔ በጃንዋሪ ሞክሬዋለሁ። ፓውዛው እንደበራ ስቆጥር ስድስት አገኘሁ። ከዚያ ማብሪያው በእጄ ነውና አጠፋሁት፣ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ሆኑ። የከተማው ብርሃን እንዳለ ነው፣ የአንድ ቤት አንድ ፓውዛ ብቻ ነው የጠፋው። የዚህን ሁሉ ግቢ መብራት የምናበራውም የምናጠፋውም እኮ እኛ ነን! ባለቤቱ ማብሪያው የት እንዳለ የማያውቅበት ቤት ስንት አለ።

ሳትጠይቁ ግን አታጥፉ፣ አደራ። የሆነ ዕቃ ቢጠፋ መዘዙ ለእናንተ ነው። ማታ ጣራ ላይ የምትወጡም አስቀድማችሁ ተናገሩ። የቤት ሠራተኛ በሌሊት ብቻዋን ጣራ ላይ ቆማ ስትታይ ሰው ቶሎ ምን እንደሚያስብ ታውቃላችሁ፣ ለምን እንደሚያስብም ታውቃላችሁ። ከግንቡ ራቁ፣ መሐል ላይ ቁጭ ብሎም ይቆጠራል። የማይፈቀድላት ልብስ ስታሰጣ ቀና ትበል።

እኔ መዳምን የጠየቅኋት መብራት በፈረቃ መጥፋት በጀመረበት በ2024 በጋ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ዜጎችም ነዋሪዎችም ቆጥቡ እያለ ነበር፣ ነዋሪ ሲል እኛም አለንበት ብዬ ወሰድኩት። እርግጥ መብራቱን የጨረሰው የቀኑ ኤሲ እንጂ የሌሊቱ ፓውዛ አይደለም። እኔ ግን ሰበብ አገኘሁ። «ሌባስ?» አለችኝ። የውጭ በሩና የደረጃው ይብራ፣ የጣራው ፊቱ ወደ መሬት ይዙር አልኳት። ዓይን ላይ የሚተኮስ መብራት ሌባውን አያሳይም፣ ከብርሃኑ ጀርባ ያለውን ያጨልመዋል፣ ቆማችሁ ሞክሩት። እኔም ሴት ነኝ፣ ጨለማ ይምጣ አላልኩም። ዝም አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሾፌሩ መሰላል ይዞ መጥቶ አዞረው። እስከ ጃንዋሪው ቆጠራ ድረስ ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ግን አልፈቀደችም ነበር፣ ያን ቀንም ለአንድ ሰዓት ነው። አሁን ሻሹን ትቼዋለሁ።

«ሌላ ስንት ችግር እያለብን» ለምትሉኝ፣ ያልተከፈላት አለች፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት አለች፣ አውቃለሁ። የሷን ጉዳይ እንተው አላልኩም። ይሄ ግን ጉዳይ የማያስፈጽሙበት፣ ደጅ የማይጠኑበት ነገር ነው። ደግሞ የኛንም አገር ይነካል። እንጦጦ ላይ ያለውን የኮከብ መመልከቻ የአዲስ አበባ መብራት እያስቸገረው፣ ትልቁን ወደ ላሊበላ ተራሮች ለመሥራት ታስቦ ነበር። እኛ ደግሞ ቤት ስናሠራ መጀመሪያ የምናስገጥመው ፓውዛ ነው፣ እኔም ለወንድሜ ልኬለታለሁ። አሁን ደውዬ ወደ መሬት አዙረው ብለው «እዚያ ሆነሽ መብራታችንን ትቆጣጠሪ ጀመር?» ብሎ ሳቀብኝ።

ያሰብኩት እንዲህ ነው። በፌብሯሪ ለብሔራዊ በዓሉ 25 እና 26 አገሩ በሙሉ በመብራት ይሸፈናል። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት አንዴ፣ ከዚያ በፌብሯሪ ጨረቃ በሌለበት እንደገና እንቁጠር። ሁለቱን አስተያይተን እናያለን። አቧራ ወይ ደመና ካለ ይቅር። ስልክ ያላት ራሷ ትላክ። ስልኳን የተቀማች ደግሞ ሰፈሯን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያየችውን ቁጥር በቃሏ ይዛ ለጁምዓ ቡና ትምጣ፣ ወይ ለምትመጣ ሰው ትንገር። ደብተር ገዝቼአለሁ፣ እኔ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እስካሁን ያለው የኔ ስድስትና አሥራ አንድ ብቻ ነው።