በስተር ኪተንን የጣለው ድምፅ ነውን?

የድምፅ አልባ ሲኒማ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ያለ ምርመራ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም «ፊልም መናገር ሲጀምር የአስቂኙ የበስተር ኪተን ዘመን አለፈ» የሚለው ነው። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ እውነት ግን አይደለም። የአንድን ከያኒ ውድቀት በመሣሪያ ላይ ማላከክ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ኪተን እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ፣ በካንሳስ ክፍለ ግዛት፣ ከተጓዥ የመድረክ ተዋንያን ተወለደ። ገና በሕፃንነቱ ከእናት ከአባቱ ጋር መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝብ ሲያስቅ ያደገ ሰው የገዛ ድምፁን የሚፈራበት ምክንያት አልነበረውም። ከ1920 እስከ 1928 የሠራቸው ፊልሞች ኃይልም ከዝምታ ብቻ የመነጨ አይደለም፤ ዋናው ምንጩ የአሠራሩ ነጻነት ነበር። የታሪኩን መነሻና መድረሻ ብቻ ይዞ፣ ያለ ተጻፈ ድርሰት፣ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ሥራ ይገባል። መላ የጠፋ እንደሆነ ካሜራው ይቆማል፤ ቡድኑም መላው እስኪገኝ ድረስ ቤዝቦል ይጫወታል። በ1926 «ዘ ጄኔራል» በተባለው ፊልም እውነተኛ ባቡር ከድልድዩ ጋር ወንዝ ውስጥ የገባው፣ በ1928ም በ«ስቲምቦት ቢል ጁኒየር» የቤት ግድግዳ ተገንድሶ ሲወድቅበት ኪተን በመስኮቱ ክፍተት ልክ ቆሞ የተረፈው በዚህ አሠራር ነው።

ይሁን እንጂ ነጻነቱ የውሰት ነበር። ስቱዲዮው በስሙ ይጠራ እንጂ ንብረቱ አልነበረም፤ የገንዘቡ ሥልጣን በጆሴፍ ሼንክ እጅ ነበር። «ዘ ጄኔራል» የተጠበቀውን ገቢ ሳያስገኝ ቀረ። በ1928 ሼንክ ኪተንን ወንድሙ ኒኮላስ ወደሚመራው የኤም.ጂ.ኤም. ድርጅት አሻገረው። በዚያ ድርሰቱን ሌሎች ይጽፋሉ፤ አለቆች ያጸድቃሉ፤ ኪተን የታዘዘውን ይተውናል።

የመጀመሪያዎቹ ድምፃዊ ፊልሞቹ ለድርጅቱ ትርፍ አስገኝተዋል። እንግዲህ ተመልካቹ ድምፁን ሰምቶ ካልሸሸ፣ ድምፅ ጣለው ማለት ከምን የመጣ ነው? መጠጥ አጠፋው የሚሉም አሉ። መጠጡ ሐሰት አይደለም፤ የበረታበት ግን ሥራው ከእጁ ከወጣ በኋላ ነው። በ1933 ተባረረ። ቀድሞ በሳምንት 3,000 ዶላር የተከፈለው ሰው፣ ኋላ ወደዚያው ድርጅት ተመልሶ በሳምንት 100 ዶላር ለሌሎች ቀልድ አቀባይ ሆነ።

ከዚህ ጎን የቻርሊ ቻፕሊንን ዕድል ማስተያየት ይገባል። ቻፕሊን የራሱ ስቱዲዮ ነበረው፤ ዩናይትድ አርቲስትስ የተባለውንም አከፋፋይ ድርጅት በ1919 ከመሠረቱት አንዱ ነው። ስለዚህ በ1931፣ ሆሊውድ ሁሉ በንግግር ሲጥለቀለቅ፣ «ሲቲ ላይትስ»ን ያለ ንግግር ሠርቶ ለማሳየት የማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። የድምፅ መምጣት ለሁለቱም አንድ ነበር፤ የስቱዲዮው ቁልፍ ግን በአንደኛው ኪስ እንጂ በሌላው አልነበረም።

ኪተን በ1960 የክብር ኦስካር ተሰጠው፤ በ1966 አረፈ። ዘግይቶ የመጣ ክብር ሳይሠሩ የቀሩትን ፊልሞች አይመልስም። የሲኒማን ታሪክ የሚያስተምር ሁሉ እንግዲህ ማሽኑን መክሰሱን ትቶ፣ ውሉን ማን እንደ ጻፈና ድርሰቱን ማን እንዳጸደቀ ይጠይቅ። ሳቅ ብርቱ ሥራ ነው፤ ሠሪው በሥራው ላይ ካላዘዘ ይሞታል።