የድርሃም ዕዳ፣ የብር ቤት



ከጥቂት ወራት በፊት በአል ጃሂሊ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወንድም ቀረበኝና ከቦርሳው በጥንቃቄ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥቶ «አባ፣ ቤቴን ይባርኩልኝ» አለኝ። ሲዘረጋው በአዲስ አበባ ይገነባል የተባለ ሕንፃ ሥዕል ነው። ሁለት መኝታ ቤት፣ ስምንተኛ ፎቅ፤ በረንዳው ላይ አበባ ሳይቀር ተሥሎበታል። ሰውየውን ባረክሁት፤ ሥዕሉን አልባረክሁም። ቅር እንዳለው አይቻለሁ። ምክንያቴን ለእርሱ ለብቻው ነግሬዋለሁ። ለእናንተ ግን በግልጽ ልናገር ይገባኛል፤ ያንኑ ወረቀት በቦርሳችሁ የያዛችሁ ጥቂቶች አይደላችሁምና።

ቤት መመኘታችሁን አልነቅፍም። እዚህ አጠገባችን ያለው የጭቃ ምሽግ በተሠራበት ዘመን፣ በ1891 እ.ኤ.አ.፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ሠራተኛ ከደመወዙ ቆጥቦ የንብረት ባለቤት መሆኑ መብቱ እንደ ሆነ አስተምረዋል። የምነቅፈው ሌላ ነገር ነው። እዚህ በደመወዛችሁ ላይ የግል ብድር እየወሰዳችሁ፣ እዚያ ገና ላልተሠራ ቤት ቅድመ ክፍያ መክፈላችሁን እነቅፋለሁ።

ብድሩን በቅርብ እንየው። በዚህ አገር የማዕከላዊ ባንክ ደንብ የግል ብድር ከወር ደመወዝ 20 እጥፍ አይበልጥም፤ በ48 ወራት ተከፍሎ ማለቅ አለበት፤ የወር ክፍያውም ከገቢ ግማሽ አያልፍም። 5,000 ድርሃም የሚያገኝ ሰው እስከ 100,000 ድርሃም ሊበደር ይችላል ማለት ነው። ባንኩ ይህን ገንዘብ ሲሰጣችሁ ስለ ቤቱ አይጠይቅም፤ ቤቱ መያዣ አይደለምና። መያዣው ደመወዛችሁና የአገልግሎት ማብቂያ ክፍያችሁ ነው፤ በአጭሩ እናንተው ናችሁ። ሥራው የቀረ ዕለት የመኖሪያ ፈቃዱም ይቀራል፤ ዕዳው ግን ይከተላችኋል። ዕዳው 10,000 ድርሃምና ከዚያ በላይ ሲሆን አበዳሪው ተበዳሪው ከአገር እንዳይወጣ በፍርድ ቤት ማሳገድ ይችላል። እናቱ ታማ ሳለ አውሮፕላን ጣቢያ ላይ የሚመለስ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

«አባ፣ ብር እየወደቀ ነው፤ ዛሬ ያልገዛ መቼም አይገዛም» ትሉኛላችሁ። ይህ የዋዛ ክርክር አይደለምና በቁም ነገር ልመልስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚህ የተጎዳው በብር የቆጠበ ነው። የቀለለት ደግሞ የብር ዕዳ የነበረበት ነው። ድርሃም ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.6725 ሒሳብ ከዶላር ጋር ታስሯል። ስለዚህ የድርሃም ቁጠባችሁ በብር መውደቅ አልቀነሰም፤ የድርሃም ዕዳችሁም አይቀልም። እዚህ ሥራ ላይ እስካላችሁ ደመወዛችሁም ድርሃም ስለሆነ ልዩነቱ አይታያችሁም። አገር ገብታችሁ በብር መኖር የጀመራችሁ ዕለት ግን ይታያችኋል። እንግዲህ የብር መውደቅ ሊያስቸኩለው የሚገባው በብር የቆጠበውን ሆኖ ሳለ፣ ሻጮቹ ድርሃም የያዛችሁትን እናንተን ያጣድፏችኋል፤ ብዙ ጊዜም የቤቱን ዋጋ በዶላር ያስሩታል።

ቤቱስ መቼ ያልቃል? ብድሩ የቀን መቁጠሪያ አለው፤ ቤቱ ግን የለውም። በ2005 ዓ.ም. ለመንግሥት ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ከወር ወር የቆጠቡ፣ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቁ ወገኖች አሉ። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ በኮምፒውተር ሥርዓቱ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰርዟል። በግሉም ዘርፍ የአክሰስ ሪል እስቴት ነገር አይረሳም፤ ብዙ ቤት ፈላጊዎች፣ በውጭ የሚኖሩትን ጨምሮ፣ ገንዘባቸውን ከፍለው ለዓመታት ቤት አላዩም። ሐቀኛ ገንቢዎች የሉም አላልሁም። ነገር ግን ሐቀኛውም ሲሚንቶና ብረት ሲወደድበት ይዘገያል፤ የእናንተ 48 ወራት ግን አይጠብቁትም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሪፋይናንስ የሚሉት ነው። ክፍያው ሲከብድ ሌላ ባንክ አሮጌውን ብድር ይዘጋላችሁና አዲስ ይሰጣችኋል፤ በላዩም ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ይመርቅላችኋል። ወለዱ በእርግጥ ከቀነሰና የቀረው ጊዜ ካልረዘመ መልካም ነው፤ አልቃወምም። እኔ በየሳምንቱ የምሰማው ግን ሌላ ነው፦ 20 ወር የቀረው ሰው እንደ ገና ከ48 ይጀምራል፤ የተመረቀውም ገንዘብ ለሚቀጥለው የቤት ክፍያ ይሄዳል። ያ ወንድም ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርጓል።

ብድር የግድ ከሆነ በብር፣ በረጅም ጊዜ፣ ቤቱን ራሱን በመያዣነት ሰጥታችሁ ተበደሩ። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን የሚያውቁት የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ነበር፤ ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ በመጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተጠቃለለ። ዛሬ ንግድ ባንክን ጨምሮ በርካታ ባንኮች ለዳያስፖራ የቤት ብድር ይሰጣሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክም ለቤት ብድር የተቋቋመ ነው። ወለዱ ርካሽ አይደለም፤ ወረቀቱም ያታክታል። ነገር ግን ያ አታካች ባንክ ካርታውን ይመረምራል፣ መሐንዲስ ልኮ ግምት ያስወጣል፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ያጣራል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ቦታውን ሄዶ ማየት የሚችል ባንክ ያን ቤት በመያዣነት አልቀበልም ካለ፣ አል ዓይን ተቀምጣችሁ በሥዕል ብቻ ያያችሁት እናንተ ስለ ምን ትቀበሉታላችሁ?

እኔም ከነቀፋ አላመልጥም። አንድ ሻጭ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀት ሲያድል አይቼ ዝም ያልሁበት ቀን አለ፤ ለማኅበራችን በዓል ገንዘብ አዋጥቶ ነበርና። ከእንግዲህ አይደገምም። ቤተሰብም «አሥር ዓመት ዐረብ አገር ኖረህ ቤት የለህም?» ሲል የስንቱን እጅ ይዞ እንዳስፈረመ አይገምትም፤ ይህን ጽሑፍ አገር ቤት ላሉትም አንብቡላቸው።

ውል ለመፈረም ያሰባችሁ የውሉንና የካርታውን ቅጂ ይዛችሁ ኑ። ከመካከላችን በባንክና በሒሳብ ሥራ ላይ ያሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ተቀምጠን እናነብበዋለን። ካርታ ከሌለ ደግሞ እርሱን ለማወቅ እኔን መጠበቅ አያሻችሁም።