ብሽሽትን ወገብ ብለን ስንጠራው

በቶሮንቶ ብሉር ጎዳና፣ የኦሲንግተን ምድር ባቡር ጣቢያን ደረጃ የሚወጡ እናቶቻችንን ልብ ብሎ የተመለከተ ሕመማቸውን ከአረማመዳቸው ያነበዋል። መደገፊያውን ጨብጠው፣ አንዱን እግር አስቀድመው ሌላውን ያስከትላሉ። «እማማ፣ ምን ሆነው ነው?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ወገቤን ነው ልጄ፣ እርጅና ነው።»

ከሕመሙ ይልቅ ይህ መልስ ያሳስበኛል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲጎዳ ሕመሙ ይበልጡን የሚሰማው ብሽሽት ላይ ነው፤ አንዳንዴም እስከ ጉልበት ይወርዳል። ብሽሽትን በሐኪም ፊት፣ ያውም በሚያስተረጉም ልጅ አፍ ማስጠራት ለብዙዎች ነውር ነው። ስለዚህ ብሽሽቱ ወገብ ይባላል፤ ራጅ የሚነሣውም ወገብ ይሆናል።

ብዙውን ጊዜ መንስኤው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ የጭን አጥንትን ራስና የዳሌን ጎድጓዳ የሚያለብሰው ካርቲሌጅ ሳስቶ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል። የሳሳውን ካርቲሌጅ የወጌሻ እጅ አይመልሰውም። የሕመም ማስታገሻ እንክብልም ቢሆን ያስታግሣል እንጂ አያድንም፤ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት ሲዘወተሩ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴና ክብደት መቀነስ ይረዳሉ። ከዘራም እንዲሁ፤ ግን ብዙዎቻችን በታመመው እግር በኩል እንይዘዋለን፤ መያዝ ያለበት በጤነኛው በኩል ነው።

ይህ ሁሉ ካልበቃ መገጣጠሚያው ይቀየራል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዘዴውን ካሻሻለው ወዲህ ይህ ቀዶ ሕክምና እጅግ ከተሳካላቸው አንዱ ሆኗል። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ከተተኩት መገጣጠሚያዎች 58 በመቶ ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። በኦንታሪዮ ወጪውን ኦሂፕ ይሸፍናል። ወረፋው ግን ረጅም ነው። በ2005 የካናዳ ክፍላተ ሀገር የተስማሙበት ግብ 26 ሳምንት ሲሆን፣ የሚቆጠረውም ለቀዶ ሕክምናው ከተወሰነበት ቀን እንጂ ሕመሙ ከጀመረበት አይደለም። «ወገቤን ነው» እየተባለ ያለፈው ዓመት ከወረፋው አይቀነስም።

እናትህን ወይም አባትሽን ይዛችሁ ወደ ቤተሰብ ሐኪም የምትሄዱ ልጆች፣ ብሽሽትን መጥራት ቢከብዳችሁ አስቀድማችሁ ቤት ውስጥ ይህን ጠይቁ፤ «ካልሲ ማጥለቅና የጫማ ማሰሪያ ማሰር ይቸግርዎታል?» መልሱ አዎ ከሆነ፣ ያንኑ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ዳሌውን እንዲመረምርም ጠይቁት።